የፀሐይ ልግስናና የሰው ልጅ መስፈሪያ

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ጕዞ ውስጥ ሁለት አገር ያያል። ከታች፣ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቆላ፣ ሙዝና ማንጎው ለምልሞ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች በፀሐይ ሲያብረቀርቁ ይተዋቸዋል። ከላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ በሚሆነው ደጋ፣ ቀርከሃና እንሰት ከሚበቅልበት፣ ጉምም ሜዳውን ከሚያለብሰው ከጋሞ ተራራ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜም ጋቢውን ደርቦ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፤ «ሽቅብ በወጣሁ መጠን ወደ ፀሐይ ቀረብሁ እንጂ መች ራቅሁ? ታዲያ ስለ ምን በረደኝ?»

ሁለተኛም ጥያቄ አለ። ምድር በዓመታዊ ጕዞዋ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ይሁን እንጂ በደጋው አገራችን ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚወርደው በዚሁ ሰሞን ነው። እሳት ሲቀርብ ይሞቃል እንጂ እንዴት ይበርዳል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በጨንቻና በአርባ ምንጭ መካከል ያለው የ1,400 ሜትር ልዩነት፣ ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም። ፀሐይ አየሩን በቀጥታ የምታሞቀው ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ምድሪቱን ታሞቃለች፤ ምድሪቱም በተራዋ አየሩን ታሞቀዋለች። አየርም ወደ ላይ ሲወጣ እየሰፋና እየሳሳ ስለሚሄድ ይቀዘቅዛል፤ ይህም በአማካይ በየሺሁ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ የጨንቻ አየር ከአርባ ምንጭ አየር በዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ቢቀዘቅዝ ሊደንቀን አይገባም። ለሁለተኛውም እንዲሁ ነው፤ በገና ሰሞን ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትውላለች፤ ሰማዩም ደመና ስለሌለበት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ያለ መጋረጃ ትለቀዋለች።

ከእነዚህ ከሁለቱ መልሶች አንድ ትምህርት እናገኛለን። ይኸውም ለሰውነታችን የሚሰማን ሙቀትና ፀሐይ የምትሰጠው ሙቀት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ በቶሎ ትረዱታላችሁ። በወር መጨረሻ እጃችሁ የሚገባው ገንዘብ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ከተጻፈው ሙሉ ደመወዝ ጋር አንድ አይደለም፤ ግብሩ፣ የጡረታው መዋጮና ሌላውም ሌላውም ተቀንሶበታል። ሙሉ ደመወዙን ለማወቅ የሚሻ ሰው ኪሱን ሳይሆን የከፋዩን መዝገብ መመልከት አለበት። የፀሐይም ነገር እንዲሁ ነው። ደመናው፣ ትቢያው፣ የውሃው ተንና አየሩ ራሱ ተቀናሽ ከማድረጋቸው በፊት ፀሐይ ለምድር የምትከፍለውን ሙሉ ሒሳብ ለማወቅ፣ ከአየሩ በላይ ወጥቶ መስፈር ግድ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሰው ልጅ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ይህን ስፍር ከምድር ላይ ሆኖ ለማግኘት ብዙ ደክሟል። በ1837 ዓመት ክሎድ ፑዬ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ፊቱ የጠቈረ፣ ውስጡ ውሃ የተሞላ ዕቃ ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ በቴርሞሜትር ተመለከተ፤ አየሩ የሚያስቀረውንም በሒሳብ ገምቶ ጨመረበት። ያገኘው ውጤት በዛሬው መስፈሪያ በአንድ ካሬ ሜትር 1,228 ዋት ያህል ነበር። ይህ ዛሬ ከሚታወቀው የሚያንሰው በአንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ እንዲህ ያለ ቍጥር ማግኘት ያስመሰግናል።

ከእርሱ በኋላ ሳሙኤል ላንግሊ የተባለው አሜሪካዊ በ1881 መሣሪያዎቹን አስጭኖ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ዊትኒ ተራራ ወጣ። ተራራው ከፍ ያለ፣ መሣሪያውም የተሻለ ቢሆንም፣ የሒሳቡ መንገድ ስለ ተሳሳተ ውጤቱ እጅግ የበዛ ሆነ። ሥራውን የወረሰው ቻርልስ አቦት በስሚዝሶኒያን ተቋም ሆኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በቺሌ በረሃ፣ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በሲና ምድርም በቅድስት ካትሪን ተራራ ላይ የመመልከቻ ጣቢያ እያቆመ የፀሐይን ጨረር ዕለት ዕለት አስለካ። አቦት የፀሐይ ብርሃን ከቀን ወደ ቀን ከፍና ዝቅ ይላል ብሎ ያምን ነበር። በኋላ እንደ ታወቀው ግን እርሱ ያየው መለዋወጥ በአብዛኛው የአየሩ እንጂ የፀሐይዋ አልነበረም። ስለዚህ የቱንም ያህል ከፍ ካለ ተራራ ላይ ቢወጡ፣ አየር በላይ እስካለ ድረስ እውነተኛው ስፍር እንደማይገኝ ተረጋገጠ።

እንግዲህ ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ ማለት ሳተላይት፣ ለዚህ ሥራ መጣ። በኅዳር 1978 ኒምበስ 7 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት የፀሐይን ጠቅላላ ጨረር ያለማቋረጥ መመዝገብ ጀመረ፤ በየካቲት 1980 ደግሞ ሶላር ማክሲመም የተባለው ሁለተኛው ተከተለው። በእነዚህ የተጀመረው መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ በተከታዮቻቸው እየተጻፈ ነው።

የመሣሪያው አሠራር እንደ ሚዛን ነው ብንል አንሳሳትም። በውስጡ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ብርሃን ገብቶ የማይወጣበት ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ይህ ቀዳዳ በኤሌክትሪክ እየሞቀ ሁልጊዜ በአንድ የሙቀት መጠን ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። በፊቱ ያለው መዝጊያ ሲከፈት ፀሐይ ትገባለች፤ በገባችውም መጠን የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። የቀነሰው ኤሌክትሪክ የገባው የፀሐይ ኀይል ነው። በአንድ ወገን ፀሐይ፣ በሌላው ወገን ኤሌክትሪክ ተቀምጠው ይመዘናሉ ማለት ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘው፣ ዛሬ የሊቃውንቱ ጉባኤ የሚቀበለው ቍጥር፣ ምድር ከፀሐይ ባላት አማካይ ርቀት፣ በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ያህል ነው። አንዲት ካሬ ሜትር ሰሌዳ ከአየር በላይ ፀሐይን ፊት ለፊት ይዛ ብትቆም፣ ዐሥራ ሦስት ባለ መቶ ዋት አምፖልና አንድ ባለ ስድሳ ዋት አምፖል የሚያበራ ኀይል ይወርድባታል ማለት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ስንቀርብ ወደ 1,408 ከፍ ይላል፤ በሰኔ መጨረሻ ስንርቅ ወደ 1,317 ዝቅ ይላል።

ፀሐይ ራሷ ግን ምን ያህል ትለዋወጣለች? መዝገቡ እንዳሳየው፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ በሚመላለሰው ዑደቷ ልግስናዋ ከፍና ዝቅ የሚለው ከሺህ አንድ ያህል ነው። ከሺህ አንድ ማለት ከ1,361 ዋት ውስጥ አንድ ዋት ተኩል እንኳ አይሞላም።

ውድ አድማጮቼ፤ ከዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። ኒምበስ 7 ጨረሩን 1,371 ዋት ገደማ ሲል፣ ሶላር ማክሲመም ደግሞ 1,367 ገደማ ይል ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች አንዲቱን ፀሐይ በአንድ ቀን እያዩ በአራት ዋት ያህል ይለያያሉ። የምንፈልገው ለውጥ አንድ ዋት ተኩል የማይሞላ፣ የመስፈሪያዎቹ ልዩነት ግን አራት ዋት ከሆነ፣ አንዱ መሣሪያ ሞቶ ሌላው ቢተካ ፀሐይ ተለወጠች ወይስ ቍናው ተለወጠ ብሎ የሚፈርድ ማነው? መፍትሔው አንድ ብቻ ነው። አሮጌው ሳይጠፋ አዲሱ መምጣት፣ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ አብረው ማየት፣ ልዩነታቸውም መጻፍ አለበት። እኛ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ርክክብ የምንለው ይህ ነው።

የጋሞ ሸማኔ ድሩ ሲበጠስበት ጫፍና ጫፉን አነካክቶ አይተወውም፤ አንዱን በሌላው ላይ አደራርቦ ያከርረዋል እንጂ። ያልተደራረበ ክር ሸማው ሲወጠር ይለቃልና።

በሰማይ ላይ ግን ድሩ ተበጠሰ። በጥር 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር ከሰባት ሰዎች ጋር ጠፋች፤ በዚህም ምክንያት የብዙ ሳተላይቶች ጕዞ ዘገየ። የሶላር ማክሲመም ሥራ በ1989 አበቃ፤ ተተኪው መሣሪያ የተላከው ግን በ1991 ነው። በመካከሉ ባሉት ሁለት ዓመታት ያህል ጥሩው መሣሪያ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ይሠሩ የነበሩት አሮጌው ኒምበስ 7ና ፀሐይን አልፎ አልፎ ብቻ የሚያየው የምድር ጨረር ሳተላይት ሲሆኑ፣ የሁለቱም ምስክርነት እርስ በርሱ አልተስማማም።

ከዚህ የተነሣ ሊቃውንቱ በሁለት ተከፈሉ። ሪቻርድ ዊልሰንና ጓደኞቹ አንደኛውን ምስክር አምነው፣ ከ1986 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ፀሐይ በጥቂቱ ደምቃለች አሉ። በስዊስ አገር የሚሠራው ክላውስ ፍሮሊክና ባልደረቦቹ ሌላውን ምስክር አምነው፣ አልደመቀችም አሉ። የተከራከሩበት መጠን ከሺህ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን ምድር ለምን እየሞቀች ሄደች የሚለው ትልቅ ጥያቄ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ከሊቃውንቱ አዳራሽ አልፎ ወደ መንግሥታት ሸንጎ ደረሰ። በጠቅላላው መዝገቡ እንደሚያስረዳው፣ ከ1978 ወዲህ የታየውን የምድር መሞቅ የሚያስከትል ጭማሪ ከፀሐይ አልመጣም፤ ይሁን እንጂ ያ የሁለት ዓመት ክፍተት ለብዙ ጊዜ ለተጠራጣሪ ሁሉ በር ከፈተ።

ይህ ትምህርት ሳይረሳ እንደገና አደጋ መጣ። በጥር 2003 ሶርስ የተባለ እጅግ የተሻለ መሣሪያ ወጣ። ይተካዋል የተባለው ግሎሪ የተባለው ሳተላይት ግን በመጋቢት 2011 ከመንገዱ ሳይደርስ ወደቀ። ሶርስም አርጅቶ ባትሪው ይደክም ጀመር፤ በ2013 አጋማሽ ሥራው ቆመ። መዝገቡ ለሁለተኛ ጊዜ ሊበጠስ ነው ተብሎ ሲፈራ፣ ሌላ መለኪያ በጥድፊያ ተዘጋጅቶ በኅዳር 2013 ተላከ። ጠባቂዎቹም በታኅሣሥ ወር የደከመውን ሶርስ ለአንድ ሳምንት ቀስቅሰው ከአዲሱ ጋር አብሮ እንዲያይ አደረጉት። ያች አንዲት ሳምንት የብዙ ዓመት መዝገብ አዳነች። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው መሣሪያ በታኅሣሥ 2017 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልኮ፣ ሶርስ በየካቲት 2020 እስኪሰናበት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። ርክክብ እንዲህ ሲሆን ያምራል።

ከዚህ ታሪክ ሌላም ቁም ነገር አለ። ከሶርስ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ትክክለኛው ቍጥር 1,366 ዋት ገደማ ነው ብለው ተስማምተው ነበር። ሶርስ ብቻውን 1,361 አለ። ብዙዎቹ አዲሱን ተጠራጠሩ፤ ብዙ ምስክር ባለበት አንዱን ማን ይሰማል? ነገሩ በላቦራቶሪ ሲመረመር ግን ስሕተቱ የብዙዎቹ ሆኖ ተገኘ። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ብርሃኑን በልክ የሚያስገባውን ጠባብ ቀዳዳ በስተ ውስጥ፣ ሰፊውን ደግሞ በስተ ፊት ስላደረጉት፣ ከልክ በላይ የገባው ብርሃን ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ስፍሩን ያበዛው ነበር። ሶርስ ጠባቡን ቀዳዳ ከፊት አስቀደመ። ግሬግ ኮፕና ጁዲት ሊን ይህን በ2011 ጽፈው አስረዱ። እንግዲህ ብዙ ምስክሮች ቢስማሙ እንኳ፣ ሁሉም በአንድ የተሳሳተ ስፍራ ቆመው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ አርባ ምንጭ እንመለስ። ይህ ሁሉ የሰማይ ሒሳብ ለጋሞ ምድር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል።

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት 27 ቀንና በጳጉሜ 2 ቀን ገደማ፣ በአናቷ ላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀኖች ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ በሴቻ ወይም በሲቀላ ሜዳ ላይ ቀጥ ያለች ዱላ ብታቆሙ ጥላዋ ከእግሯ ሥር ይጠፋል። ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ፣ ከአየር በላይ ከነበረው ከ1,361 ዋት ውስጥ 1,000 ያህሉ መሬት ይደርሳል። ደመና ሲጋርድ ግን ይህ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ለሙዙ እርሻ ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ፣ በገጠር ጤና ኬላ ላይ የተተከለው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ክትባቱን የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ መሸከም አለመሸከሙን፣ ከአባያ ሐይቅ በየዓመቱ ስንት ውሃ ወደ ሰማይ እንደሚተን ለማወቅ የሚሻ ሰው ሁሉ መነሻው ይህ ሒሳብ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በውሃው ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ኀይል ስንገምት በካሬ ሜትር አንዲት ዋት ብቻ ብንሳሳትና ያች ዋት ዓመቱን ሙሉ ውሃ በማትነን ብትውል፣ ስሕተቱ 13 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይሆናል። የአባያ ስፋት ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ያች አንዲት ዋት 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ታሳስተናለች ማለት ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ የምትመስል ቍጥር በመስኖ ቦይ ውስጥ ትልቅ ናት።

በጋሞ ሰማይ ላይ ያለውን ተቀናሽ ከላይ የሚመለከቱት ሜቴኦሳት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞሩ፣ በየሩብ ሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ደመናውን ያነሣሉ። የደመናው ንጣት ሲበዛ ወደ ሰማይ የተመለሰው ብርሃን በዝቷል ማለት ስለ ሆነ፣ መሬት የደረሰው በቅናሽ ይሰላል። የራሳችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ እንደ እኛ አቈጣጠር በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰማይ የወጣችውና በእንጦጦ ጣቢያ መልእክቷ ይደርስ የነበረው፣ ያነሣችው ሥዕል ሁሉ ከምድር የተመለሰ የፀሐይ ብርሃን ነው። ደለል ያቀላው አባያና ከእርሱ ይልቅ የጠራው ጫሞ በሥዕል ላይ የሚለዩት በዚሁ ነው። የተመለሰው ከመጣው ስንት እጁ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን የመጣውን ማወቅ ይቀድማል።

ይሁን እንጂ ሳተላይቱ በአንድ ነጥብ የሚያየው ብዙ ኪሎ ሜትር ነው። በጋሞ ምድር ደግሞ በዚያች በአንዲት ነጥብ ውስጥ ጉም የሸፈነው ተረተርና ፀሐይ የወጣበት ሸለቆ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሰማዩን ሒሳብ የሚያርመው የምድሩ ምስክር ነው። በአየር ጠባይ ጣቢያ የሚገኘው ያ ክብ የመስተዋት ኳስ፣ ፀሐይ በታየች ቍጥር ከሥሩ የተዘረጋውን ካርቶን እየጠበሰ መስመር ያሰምራል፤ ሲጋረድ መስመሩ ይቋረጣል። ማታ ማታ ካርቶኑን የሚለውጥ፣ ቀኑን የሚጽፍበት፣ መስመሩን የሚለካ አንድ ሠራተኛ አለ። ደመወዙ ከፍ ያለ አይደለም፤ ስሙም በጋዜጣ አይወጣም። ነገር ግን በበዓል ቀን ካርቶኑ ሳይለወጥ ቢቀር የሁለት ቀን ፀሐይ በአንድ ወረቀት ላይ ተደራርቦ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ውድ ወገኖቼ፤ ከእናንተ መካከል ወደ አዲስ የሥራ ቦታ ተዛውሮ፣ የቀድሞው ሹም ከሄደ በኋላ ደርሶ፣ ቍልፍ ቈጥሮ የተረከበ፣ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚነግረው ያጣ ሰው አይጠፋም። የፀሐይ ሊቃውንትም የደረሰባቸው ይኸው ነው፤ በሁለት ዓመት ክፍተት የሃያ ዓመት ክርክር አተረፉ። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ ሕንፃ ቢፈርስ ይሠራል፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ቀን ግን አይመለስም። የትናንትናዋን ፀሐይ ዛሬ የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም፤ ወደ ፊትም አይሠራም።

ስለዚህ መስፈሪያችሁን ስትለውጡ አሮጌውን ወዲያው አትጣሉት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ልዩነታቸውን ጻፉ። ከቦታ ስትዛወሩም ለሚተካችሁ ሰው ቍልፉን ብቻ ሳይሆን የቍጥሩን ትርጕም አስረክቡት። በመጪው ጳጉሜ 2 ቀን በአርባ ምንጭ የምትገኙም ዱላችሁን አቁሙ፤ ጥላዋ የጠፋበትን ሰዓት በማስታወሻችሁ ጻፉ፤ ልጆቻችሁም በመጋቢት ያንኑ እንዲያደርጉ አስተምሩ።